በርሜል ቀጥቃጯና የተቸነከረው መስኮት

ሰፈሩ ሁሉ «መዶሼ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት ባሏና አማቷ ብቻ ናቸው፤ እነሱም በዚያ ስም የሚጠሯት ሲቆጡ ነው። እኔ የበርሜል ግቢው ዘበኛ ነኝ። በሩ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ቤቴ ሆኜ ስትገባ ስትወጣ፣ ስታረግዝ፣ ስትወልድ፣ ስትቀብር አይቻታለሁ። የማወራው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትንም ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ።

ግቢያችን የሚገዛው ባዶ በርሜል ነው። ዘይት የነበረበት፣ ቀለም የነበረበት፣ ምን እንደነበረበት ማንም የማይጠይቀው። መጀመሪያ አቃጣዩ ይቀበለዋል። ክዳኑን ከፍቶ እሳት ይለቅበታል፤ ውስጡ የቀረው ዝቃጭ ነድዶ እስኪያልቅ ድረስ ጥቁር ጭስ እየተጠቀለለ ይወጣል። ከዚያ ቀጥቃጮቹ ይረከቡታል። በመሮ ይሰነጥቁታል፣ በመዶሻ ይዘረጉታል፤ ገንዳ፣ ምድጃ፣ የበር ቆርቆሮ ይወጣዋል። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። አዲስ የመጣ ሠራተኛ ወይ በሳምንቱ ይለምደዋል ወይ ጨርሶ አይመለስም።

መዶሼ በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ብቸኛዋ ሴት ቀጥቃጭ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ክንዷ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰችው ነው የሚመስለው። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ከኋላዋ መጥቶ ወገቧን ጨበጥ ሲያደርጋት ዞራም አላየችው። መዶሻውን እግሩ አውራ ጣት ላይ ለቀቀችው። «ውይ፣ አመለጠኝ» አለች። ጎረምሳው ክረምቱን ሙሉ ሲያነክስ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ከባሏ በቀር እጁን ያነሳባት ሠራተኛ የለም።

ባሏን «ግንቡ» ይሉታል። ጫኝና አውራጅ ነው፤ ትከሻው በበር አይገባም። ሲስቅ ሰፈር ያስቃል። ሲቆጣ ግን የምትነጋገረው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከእጁ ጋር ነው። ሲጋራ ከአፉ አይለይም፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይለኩስበታል። የሚኖሩት ከግቢው አጥር ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ነው። ባልና ሚስት፣ የግንቡ እናት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ የተከራዩ ሁለት የቀን ሠራተኞች። ለክፍሏ አንዲት መስኮት አለቻት፤ የምትከፈተውም ወደ ግቢው ነው።

የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ ነበር። ያለ ጊዜው መጥቶ፣ ሲወለድ እፍኝ አይሞላም ነበር። መዶሼ ጡት እያጠባሁ ልሥራ ብላ በካርቶን ታስተኛውና ከምትቀጠቅጥበት አጠገብ ታኖረዋለች፤ ከአቃጣዩ እሳት ብዙም ፈቀቅ ሳይል። አፍንጫውን ስትጠርገው ጥላሸት ይወጣል። ዝናቡ ሲገባ ሳል ጀመረው። ሳሉ ትንፋሹን እያሳጠረ ሄደ። ዳዴ ሳይል ሞተ።

በተቀበረ ማግስት ግንቡ ወደ ግቢው መጣ። በሩን በእግሩ ነው የከፈተው።

«የታለች? የታለች ያቺ ገዳይ!»

መዶሼ ሥራ ላይ ነበረች። ቀና ስትል ፀጉሯን ጨብጦ በበርሜሎቹ መካከል ጎተታት።

«ልጄን ብርድ ያስመታሽው አንቺ ነሽ! ነፋስ ላይ አስጥተሽ ጨረስሽው!»

በርሜሎቹ እየተንጋጉ ሲንከባለሉ ነጎድጓድ የወረደ ነው የመሰለው። በጥፊ ጣላት፣ በርግጫ ደገማት። ተረባርበን ስናላቅቃት ፊቷ ደምና ጥላሸት ሆኖ ነበር። እሷ ግን እጇን እንኳ አላነሳችም። ያቺ የጎረምሳ ጣት የሰበረች ሴት! በኋላ ከቧንቧው ሥር ደሟን ስትታጠብ ጠጋ ብዬ፣ «ምነው ዝም አልሽው?» አልኳት።

«እውነቱን እኮ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ብርድ ያስመታሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የነካት ስብራት በዓይን የሚታይ አልነበረም። መዶሻዋ ግን ያስታውቃል፤ የምትቀጠቅጠው ቆርቆሮውን አይመስልም ነበር።

ሁለተኛዋ ሴት ሆነች። እሷ ስትወለድ ቤቱ በሙሉ በብርድ ላይ ዘመተ። የግንቡ እናት መስኮቷን ከውስጥ ሳንቃ ደርባ በራሷ እጅ ቸነከረቻት። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉት። ከሰል ምድጃው ከጠዋት እስከ ማታ መሀል ወለል ላይ ይነዳል፤ ወጥ ይሠራበታል፣ ውሃ ይሞቅበታል፣ ለሙቀት ይባልና እሳቱ አይጠፋም። ግንቡ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ያጨሳል። አሮጊቷ ደግሞ ስታስል የቆየች ሴት ናት፤ ሳሏን ሰፈሩ እንደ ሰዓት ለምዶታል። የልጅቷን ጉንጭ እየሳመች፣ የጡጦውን ጫፍ በአፏ እየቀመሰች ታሳድጋታለች። መዶሼ ልጇን ነፋስ እንዳይነካብኝ ብላ ወደ ሥራ አታመጣትም፤ ስለዚህ ቀን ቀን ጡት የለም፣ በውሃ የቀጠነ ወተት ነው። ለክትባት አንድ ጊዜ ወስደዋት ነበር። ማታውን አተኮሳት። ግንቡ፣ «ጤነኛ ልጅ ሰጥቼ በሽተኛ ይመልሱልኛል? ሁለተኛ እግራችሁ እንዳይረግጥ!» ብሎ ክትባቱ በዚያው ቀረ።

ክፉ አልነበሩም። እንደነሱ ሕፃን የፈራ ቤት አላየሁም።

ያ ቀን የመጣው ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ሠራተኞች ጉንፋን ይዟቸው በተኙበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ አሮጊቷን ባሰባት፣ ቀጥሎ ልጅቷን። ኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ መዶሼ ከሥራ ወጥታ ምሳ ልትቀምስ ወደ ቤት ስትገባ፣ ክፍሉ በጭስ ጨልሟል። ልጅቷ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦባታል። ገለጥ አድርጋ አየቻት። አፍንጫዋ እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጡቷን አቀረበችላት፤ ልጅቷ ከንፈሯን አስነክታ ተወችው፤ ለመጥባት ትንፋሽ አልነበራትም። ከንፈሯም ቀለሙ ጠፍቷል።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ከረፋድ ጀምሮ ነው። ላብ ሲወጣት ይለቃታል፤ ከሰል ጨምሬላታለሁ።»

መዶሼ ልጇን ታቅፋ ተነሳች። አሮጊቷ በሩ ላይ ተገተረች፤ እጆቿን በመቃኑ ግራና ቀኝ ዘርግታ።

«አታወጫትም! የመጀመሪያው አልበቃሽም? በዚህ ነፋስ አውጥተሽ ልትጨርሻት ነው?»

«ይልቀቁኝ እማማ።»

«ሬሳዬን ተሻግረሽ!»

መዶሼ በትከሻዋ ገፋቻት። አሮጊቷ ወደ ውጭ በጀርባዋ ወደቀች፤ ጩኸቷም መንደሩን አናወጠው። እኔ ያኔ ነው ከጎጆዬ የወጣሁት።

ግንቡ ጭነት አራግፎ እየመጣ ነበር። እናቱ መሬት ላይ፣ ሚስቱ ልጁን ይዛ ስትሮጥ። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ድሮም ጠያቂ ሰው አልነበረም። ደርሶባት አንገቷን ከኋላ ያዘና ግድግዳው ላይ አጋጫት። ግንባሯ ተተረተረ። ልጅቷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ እንደለጠፈች ቀረች። ደገማት። «አንድም አታስቀሪልኝም?» ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይመታል። ዱላዬን ይዤ መሀል ገባሁ፤ በክርኑ አፌን ሲለኝ ከፊት ያሉ ጥርሶቼ ረገፉ። ዛሬም «ሰ»ን ስናገር ፉጨት የምጨምረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ አንገቷን ትቶ የልጅቷን እግር ያዘ፤ ሊነጥቃት። ሕፃኗ ድምፅ አላወጣችም። ማልቀሻ ትንፋሽ እንኳ አጥታ ነበር።

መዶሼ ያንን ዝምታ ሰማች። ከሥራ ስትወጣ መዶሻዋን መቀነቷ ውስጥ እንደሻጠች ነው የመጣችው። ልጇን በግራ ክንዷ አስጠግታ በቀኟ መዘዘችውና እግር የያዘውን ክንድ መታችው። በርሜል እንደምትመታው፣ ከትከሻዋ። አጥንት ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲቀጭ ማለት ነው። ግንቡ በጉልበቱ ወረደ። ክንዱ መሀሉ ላይ አዲስ መታጠፊያ አውጥቷል። በቁጣ ሳይሆን በመገረም ነበር የሚያየው።

መዶሻውን ከፍ እንዳደረገች ቆመችበት።

«ልጨምርልህ?» አለችው።

ልጇን ይዛ ሮጠች። እኔም በሩን ጥዬ፣ አፌን በእጄ ይዤ ተከተልኳት። ያስቆምነው የባጃጅ ሹፌር ደማችንን አይቶ ሊያመልጥ ጋዝ ሲሰጥ፣ ያንኑ መዶሻ መስታወቱ ላይ አሳየችው። ቆመልን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛዋ ሲስተር ወጣት ናት፤ ድምጿ ቀስ ያለ፣ እጇ ግን ፈጣን። የእኔን አፍ አላየችም፣ የመዶሼን ግንባርም አላየችም። የልጅቷን ልብስ ገልጣ ደረቷ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሿን ቆጠረች።

«ሳንባ ምች ነው፤ ከባዱ» አለች። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገብታ ኦክስጅን ከፈተች፣ መርፌ ወጋች፣ ዶክተሩን ጠራች። የእኛን ቁስል መስፋት የጀመሩት የልጅቷ ከንፈር ቀለሙ ሲመለስ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ መጣ። ግንቡ ለስብራቱ ሌላ ክሊኒክ ገብቶ በዚያው ከሷት ኖሯል።

«በመዶሻ ሰው የደበደብሽ አንቺ ነሽ? ተነሽ።»

ሲስተሯ ከአልጋው ቀና አለች። «ይህች ልጅ ጡት የምትጠባው ከእሷ ነው። እሷን ካሰራችሁ አልጋውንም ኦክስጅኑንም አብራችሁ እሰሩ።»

ፖሊሱ የመዶሼን የተሰፋ ግንባር አየ፣ የእኔን አፍ አየ። «ይሄንንስ ማን መታው?» አለ።

«ከሳሹ» አልኩት።

ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከና፣ ልጅቷ ስትወጣ መዶሼ ፖሊስ ጣቢያ እንድትቀርብ አዝዞ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው መዶሼ ሲስተሯን የጠየቀችው። ስትናገር ወደ ልጇ እንጂ ወደ እሷ አታይም።

«ሲስተር፣ ብርድ ነው አይደል የመታት?»

«ብርድ ብቻውን የሳንባ ምች አያመጣም። የሚያመጣው ተዋሲ ነው፤ ቫይረስ አለ፣ ባክቴሪያ አለ። ከሚያስል፣ ከሚያስነጥስ ሰው በትንፋሽም በእጅም ይተላለፋል። ለትልቅ ሰው ጉንፋን ሆኖ የሚያልፈው ለሕፃን ሳንባ ድረስ ይወርዳል። ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?»

«አማቴ ታስላለች። ተከራዮቹም ጉንፋን ይዟቸዋል።»

«ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት?»

ነገረቻት።

«መስኮትስ?»

«ተቸንክሯል።»

«የምታበስሉትስ?»

«እዚያው፤ በከሰል። ከውጭም የበርሜል ጭስ አለ። አባቷም ያጨሳል።»

«ጭስ የሕፃን ሳንባ ራሱን የሚጠርግበትን ነገር ያበላሸዋል፤ ተዋሲው ሲመጣ የሚመልሰው አያገኝም። ክትባቷን ጨርሳለች?»

መዶሼ አልጨረሰችም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ጡትስ?»

«ቀን ቀን ሥራ ነኝ።»

መዶሼ የአልጋውን ብረት ጨበጠች፤ ድምጿ ተለወጠ። «እሺ፣ ከነዚህ ሁሉ የቱ ነው? አንዱን ንገሪኝ! ማን ነው ልጄን የመታት?»

«አንድ አይደለም እህቴ። ተዋሲው ይገባል፤ ጭሱ፣ መጨናነቁ፣ የክትባቱ መጉደል ደግሞ በሩን ይከፍቱለታል። የቱ ይበልጣል ብትዪኝ መመዘኛ የለኝም።»

«የመጀመሪያዬስ? ወንዱ? ነፋስ ላይ ያስተኛሁት?»

«እሱን አላየሁትም፤ ያላየሁትን ልጅ አልመረምርም። ግን ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ ጭስ አጠገብ ተኝቶ ከነበረ፣ ነፋሱን አልከስም።»

መዶሼ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብቻዋን ታልቅስ ብዬ ወጣሁ።

ግንቡ በማግስቱ ክንዱን በጀሶ አሳስሮ መጣ። ወደ ክፍሉ ሲገባ ሁላችንም ተነሳን። የልጅቷን አፍንጫ፣ ቱቦውን፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን ደረቷን አየ። ሲስተሯን አንቆ የሚይዝ እየመሰለ፣ «ጥፋተኛው ማን ነው?» አላት። እሷም ለመዶሼ የነገረቻትን፣ ሲጋራውን ጨምራ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። ሰውየው ግን ከዚያ ሁሉ ቃል የሰማው አንዲት ብቻ ነው፤ የሚያስል ሰው የምትለዋን። አንድ አንገት ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ አገኘ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ የመጋረጃው ጀርባ ሠራተኞች ናቸው። እናቱን በጀሶው እጁ ገፍቶ በጤነኛው በጥፊ መታት። የወለደችውን እናቱን። «አንቺ ነሽ በሳልሽ የበከልሻት!» እያለ። አሮጊቷ አልጮኸችም አሉኝ። የከሰሉን ምድጃ ተደግፋ ተቀመጠችና እጇ ሲቃጠል እንኳ ቶሎ አላነሳችውም። እሱ አንድ አንገት አልበቃው ብሎ፣ «ጭስህ ነው!» እያለ ወደ ግቢው ገባ፤ በአቃጣዩ ላይ። በአንድ እጁ ሊያንቀው ሲታገል አቃጣዩ በእሳት መቆስቆሻው ብረት ጉልበቱን አለው። ስንለያያቸው ሁለቱም ጥላሸት ለብሰው ይሳደባሉ፤ የሚነደው በርሜል ተገልብጦ ዝቃጩ በግቢው መሀል እየነደደ ይፈስሳል።

ልጅቷ ዳነች። በቶሎ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተስፋ አስቆርጣን ነበር። መዶሼ ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ ቃሏን ሰጠች። ክሱ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግንቡ ሳይቀርብ ቀረ፤ ዳኛው ከሳሽ የለም ብለው ፋይሉን ዘጉት። መዶሼ ከጤና ጣቢያው በወጣች ቀን ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደዚያች ክፍል ነው። ልጅቷን እኔ ቤት አስተኝታ። መዶሻ በእጇ ነበረና፣ ሌላ ደም እንዳይፈስ ብዬ ተከተልኳት።

ግንቡ አልነበረም። አሮጊቷ ጉንጯ አብጦ፣ መዳፏ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች። መዶሼ አልጋው ላይ ወጥታ የመዶሻውን ጥፍር ከሳንቃው ሥር አስገባች። አሮጊቷ ተወርውራ እግሯን አቀፈች።

«ተዪው! የኔዎቹ ሁሉ የሄዱት በመስኮት ነው! ተወልደው ትንሽ ይቆያሉ፣ ያስላሉ፣ ይሄዳሉ። እሱ ብቻ ነው የቀረልኝ። እሱንም ያተረፍኩት ቤቱን ጠርቅሜ ነው!»

እስከዚያ ቀን ልጆች እንደሞቱባት ማናችንም አናውቅም ነበር።

መዶሼ ወረደችና አጠገቧ ቁጭ አለች። «እማማ፣ ያኔም ከሰል እዚሁ ነበር የሚነደው?»

«የት ይነዳል ታዲያ? ብርድ ነው እኮ።»

«ጭሱ ነው እማማ። ጭሱና ሳሉ። ብርዱን በከንቱ ነው የረገምነው።» ሲስተሯ ያለቻትን በራሷ አፍ ነገረቻት። አሮጊቷ እየሰማች የተጠቀለለ መዳፏን ታያለች። ሲያልቅ፣ «እኔ ነኛ የጨረስኳቸው» አለች።

«እንደሱ አይበሉ። አንድ አይደለም ብላኛለች። አንድ ሰው አይደለም።»

መዶሼ ተነስታ ምስማሮቹን ነቀለች። ሳንቃው ወደቀ። ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር ደግሞ የአቃጣዩ ጥቁር ጭስ እየተንከባለለ ገባ። ሦስታችንም ሳል ያዘን። አይታው ቆየችና፣ «እዚህ ቤት መስኮት ቢከፈትም ቢዘጋም አንድ ነው» አለች። የራሷን ልብስ በአንሶላ ቋጠረች።

ስትወጣ ወደ ግቢው ገብታ ባለቤቱን አገኘችው። «ማቃጠያውን ከቤቶቹ አርቀው» አለችው። ሳቀባት። «ጭሱ ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚሸት? ደሞዝሽም ከዚሁ ጭስ ነው የሚወጣው!» ገንዳው ውስጥ የነበረውን ውሃ ባልዲ ሞልታ በሚነደው በርሜል ውስጥ ደፋችው። ነበልባሉ ተተፍቶ ወጣ፤ አቃጣዩ ቅንድቡ ተለብልቦ ሮጠ፤ ባለቤቱ በቡጢ ደረቷን አላት። በባልዲው ከንፈሩን አሳበጠችለት። እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ማስወጣት የነበረብኝ እሷን ነው። በሩን ከፍቼ ያዝኩላትና፣ «ሂጂ ልጄ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ አልሠራችም። ማቃጠያውም እስከዛሬ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ከንቱ ተስፋ አልሰጣችሁም።

ዳገቱ ላይ፣ ነፋስ የማያጣው ቦታ፣ ትንሽ ክፍል ተከራየች። መስኮቷ ትከፈታለች፤ ማብሰያዋ ውጭ በቆርቆሮ ተከልላ ናት። ልጅቷን አጠገቧ አድርጋ፣ ጡቷን እያጠባች፣ ደጇ ላይ ገንዳና ባልዲ ቀጥቅጣ ትሸጣለች። ጎረቤቶቹ በድምፁ ሲማረሩ ለእያንዳንዳቸው ባልዲ ሰጥታ ዝም አሰኘቻቸው። ክትባቱንም ካቆመችበት ቀጠለች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ልጅቷ በመርፌው ስትጮህ፣ «ጩሂ፣ እሰይ፣ ጩሂ!» እያለች ትስቃለች አሉ።

አንድ ጠዋት በሯን ስትከፍት አማቷ በያዘችው ጥቅል ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ ሥር አዲስ ጥቁረት አለ። ግንቡ ሁለተኛ መትቷት ነበር።

«ልቀመጥ አልመጣሁም» አለች አሮጊቷ። «ልጅቷን ከሩቅ ልያትና እሄዳለሁ።»

«ሳልዎትስ?»

«አለ።»

መዶሼ ብዙ አሰበች፤ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። በሩ ላይ ተገትራባት ገፍታ የጣለቻት ሴት ናት። «መጀመሪያ ሐኪም ያይዎታል» አለቻት። «አፍዎን በጨርቅ ይሸፍናሉ። እጅዎን ሳይታጠቡ አይነኳትም። ጉንጯን መሳም የለም፤ እግሯን ይስሙ። እሳት ቤት ውስጥ ካየሁ፣ እማማ፣ በመጡበት ይመለሳሉ።»

«እግሯ ይበቃኛል» አለች አሮጊቷ።

ሐኪሞቹ የሰው ዕድሜ ሙሉ የተጠራቀመ ጭስ ያቆሰለው ሳንባ ነው አሏት። የሚተነፈስ መድኃኒት ሰጧት። ሳሉ ጨርሶ አልተዋትም፤ ግን ቀለል አለላት።

ግንቡ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ፤ ይህን የነገረችኝ አሮጊቷ ናት። ጠጥቶ ነበር። በሩን በርግጫ ይላል፣ «ልጄን! እናቴን!» ይላል። መዶሼ ገበያ ወርዳለች። የከፈተችለት እናቱ ናት፤ የልጅቷን ልብስ እያጠበች የነበረች፣ አፏ በጨርቅ የታሰረ፣ በእጇ የምራቷ መዶሻ።

«ልጄ ነህ» አለችው። «ያተረፍኩህ አንድ ነህ። በዚህ በር ግን አንዲት እግር አስገባና ሌላኛውን ክንድህን እኔ እሰብረዋለሁ።»

ቆመ። ክንዱ በደንብ አልገጠመም ነበር፤ ሙሉ ጆንያ ከዚያ ወዲህ አላነሳም። እናቱን አያት፣ ከበስተኋላዋ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠችውን ልጁን አያት። ልጅቷ ሳቀችለት፤ ምን ታውቃለች። ግንቡ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ እዚያው ዳገቱ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ በሩን ዘጋችበት። ከዚያ በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥሮ ከከተማው ወጣ። አልፎ አልፎ በሹፌሮች በኩል ለልጅቷ ጫማ ይልካል፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጠብባታል። ልጅቷ ግን እያደገች ነው።

ሩጫ ስታበዛ ደረቷ ያፏጫል፤ ሲስተሯ እየተከታተለቻት ነው። ይኸው ባለፈው ሰሞን ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ዳገቱን ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ አስነጠሰኝ። አሮጊቷ ከውስጥ ብቅ አለች።

«አንተ ዘበኛ፣ ጉንፋን ይዞሃል?»

«ኧረ ትንሽ ናት፣ እያለፈልኝ ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥና ከደጅ ሰላም በል። ብርቱካኑን መሬት ላይ አስቀምጠው።»

ከበስተጓሮ የመዶሼ ቅጥቀጣ ይሰማል፤ ሳቋም አብሮ። እኔም ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ከደጃፉ ቆማ ምላሷን አወጣችብኝ፤ እኔም የረገፈ ጥርሴን አሳየኋት።